ሰርቨሩ ከጠረጴዛ ሥር ይቆይ ወይስ ክላውድ ላይ ይውጣ?

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት "ሰርቨሩ አልነሳ አለ" ብሎ ጠራኝ። ሰርቨር የሚሉት፣ የቢሮው ፋይል የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ከሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር፣ በሻይ ፔርሙስና በአሮጌ ደረሰኝ ካርቶን መሀል ተወሽቋል። ሽፋኑን ስከፍተው አቧራው እንደተባዘተ ጥጥ ተከምሯል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ጢው እያለ ስላስቸገራቸው ድምፁን ዘግተውታል። መብራቱ ሄዶ ተመለሰ፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ሄዶ ቀረ።

"ባክአፕስ?" አልኩ፤ መጠባበቂያ ኮፒውን ማለቴ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። ትጉ ሴት ናት፤ በየቀኑ ከመውጣቷ በፊት የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ የፒችትሪውን፣ ባክአፕ ወደ ፍላሹ ትገለብጣለች። ፋይሉ ተመልሶ ይከፈት እንደሆነ ግን አንድም ቀን የሞከረ የለም። ፍላሹ ሚያዝያ ላይ ሞልቶ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ማስጠንቀቂያ "ኦኬ" እያለች ታልፈዋለች። ከሚያዝያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግማሽ ላይ የተቆረጠ ነው። ሰኔ 30 ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሦስት ሰው ተቀምጦ የሁለት ወር ሽያጭ ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እንደገና አስገባ። እሑድ ጭምር።

ባለቤቱ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ በሁለተኛው ቀን በሩ ላይ ቆሞ አየንና "አንተ፣ ይሄ ክላውድ የምትሉት ነገር እያለ እኔን እዚህ ጠረጴዛ ሥር ያስቀመጥከኝ ለምንድን ነው?" አለኝ። እኔ አላስቀመጥኩትም፤ እዚያ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ጥያቄው ግን የሚገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ነጋዴ ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውም እንዲህ አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ያ ደግሞ ለመወሰን መጥፎ ሰዓት ነው፤ የተናደደ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል።

ነገሩን ያወሳሰበው ስሙ ነው። ደመና የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሕንፃ ነው። ሰርቨር ረድፍ ረድፍ የተደረደረበት፣ ማቀዝቀዣው የማይቆም፣ ጄነሬተርና ጥበቃ ያለው ሕንፃ። ሶፍትዌር ክላውድ ላይ ወጣ ማለት ፕሮግራማችሁና ፋይላችሁ ከጠረጴዛችሁ ሥር ወጥተው በሌላ ሰው ሕንፃ፣ በሌላ ሰው ማሽን ላይ ይሠራሉ ማለት ነው። እናንተ በኢንተርኔት ትደርሱበታላችሁ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ትከፍላላችሁ። አማዞን ማሽኖቹን ለሌሎች ድርጅቶች በዚህ መልክ ማከራየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉት።

የቤት ኪራይን ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ዓይነቶቹን መለየት አይከብድም። ጠረጴዛ ሥር ያለው ሰርቨር የራስ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስ መሰላል ይዞ የሚወጣው ባለቤቱ ነው። ሁለተኛው ባዶ ቤት መከራየት ነው። ማሽኑን ትከራያላችሁ፤ ፕሮግራሙን መጫን፣ ማደስ፣ መቆለፍ፣ ባክአፕ መያዝ የእናንተ ሥራ ነው። ሦስተኛው ፔንሲዮን መግባት ነው፤ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃችኋል፣ ግን ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት አይቻልም። የድርጅት ጂሜይል፣ ማይክሮሶፍት 365፣ በወር ክፍያ የሚገኘው ኦዱ የተባለው የንግድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ከዚህ ይመደባሉ። ሻጭ መጥቶ "ክላውድ ነው" ሲላችሁ "የትኛው?" በሉት። ባዶ ቤት ተከራይቶ አልጋው ለምን አልተነጠፈም የሚል ደንበኛ አጋጥሞኛል፤ ለአንድ ዓመት ያህል ባክአፑን አከራዩ ይይዝልኛል ብሎ አምኖ ኖሯል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። እሱ ጋ ያለው ፒችትሪ ነው። እኛ አገር ሒሳብ የተማረ ሰው ፒችትሪን ሳይነካ ኮሌጅ አይወጣም ማለት ይቻላል፤ ባለቤቱ ሴጅ ኩባንያ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም እኛ ጋ ስሙ ፒችትሪ ነው። ይህ ፕሮግራም የተሠራው አንድ ቢሮ ውስጥ በኬብል ለተያያዙ ኮምፒውተሮች ነው። አንዲት ደረሰኝ ስትመዘግቡ ፕሮግራሙ ከዳታ ፎልደሩ ጋር ደጋግሞ ይመላለሳል። ቢሮ ውስጥ ምልልሱ አይታወቅም። ፎልደሩን ብቻ አውሮፓ ያለ ማሽን ላይ አስቀምጣችሁ ከመርካቶ ልክፈተው ብትሉ ግን አንዱ መስኮት እስኪከፈት ቡና ይፈላል፤ መሀል ላይ መስመር ከተቋረጠ ደግሞ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። የዳታ ፎልደሩን ጉግል ድራይቭ ላይ አድርጎ ከሁለት ቦታ መክፈትም እንደዚሁ ነው። ብልጠት ይመስላል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የጻፈበት ቀን ሒሳቡ ይደበላለቃል።

ስለዚህ ፒችትሪን ክላውድ ላይ ማውጣት በተግባር ዊንዶውስ ያለው ማሽን ተከራይቶ፣ ፕሮግራሙንም ዳታውንም እዚያው ጭኖ፣ ከቢሮ በሪሞት ዴስክቶፕ ስክሪኑን ብቻ ማየት ነው። ይሠራል። ፍጥነቱም ክፉ አይደለም፤ በመስመሩ የሚያልፈው የስክሪኑ ምስልና የምትነኩት ቁልፍ ብቻ ስለሆነ። ግን የሪሞት ዴስክቶፑን በር ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ በአንድ ፓስወርድ ብቻ መተው አደጋ ነው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦች ከሚወዷቸው መግቢያዎች አንዱ ይኸው ነው። በቪፒኤን (በተቆለፈ የግል መስመር) ወይም በሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድ ያልተጠበቀ ሪሞት ዴስክቶፕ አልጭንም፤ ደንበኛው "ሥራ አበዛህብን" ቢልም።

በሹክሹክታ የምናወራው ሌላ ጉዳይም አለ። በየቢሮው ያለው ፒችትሪ ስንቱ በፈቃድ የተገዛ ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ነገር ከሥነ ምግባሩ በተጨማሪ ስሌቱን ያዛባል። እስከ ዛሬ ለሶፍትዌር ሳንቲም ያልከፈለ ድርጅት የክላውድ ዋጋ ሲነገረው የሚያነጻጽረው ከዜሮ ጋር ነው፤ ከዜሮ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ሁሉም ነገር ውድ ነው። ክላውድ ላይ የተሰበረ ኮፒ የለም። ካልከፈላችሁ በሩ ይዘጋል።

የራሴ ሰርቨር ነፃ ነው የሚል ሰውም የዩፒኤስ ባትሪ ገዝቶ አያውቅም። ማሽኑ በአምስት በስድስት ዓመት ይቀየራል። ዲስክ ይሞታል። ጄነሬተር ነዳጅ ይጠጣል። እኔን መሰሉን ሰው በየብልሽቱ መጥራትም ገንዘብ ነው። እነዚያ ሁለት ሳምንት ሦስት ሰው የበላው ደመወዝ ግን የትኛውም የወጪ መዝገብ ላይ "ሰርቨር" ተብሎ አልተጻፈም።

አሁን ዶላሩ። ለምሳሌ ያህል በሰው በወር 12 ዶላር የሚያስከፍል ፕሮግራም እንውሰድ። አሥር ተጠቃሚ ካላችሁ በዓመት 1,440 ዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ይህ 82 ሺህ ብር ነበር። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶላሩ 110 ብር አካባቢ ሲገባ ያው ፕሮግራም፣ በያው ተጠቃሚ ቁጥር፣ 158 ሺህ ብር ሆነ። ሻጩ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ገቢው በብር፣ የሶፍትዌር ኪራዩ በዶላር የሆነ ድርጅት ይህን አስቀድሞ ካላሰላ ኋላ የሚያሰላለት ባንኩ ነው።

ክፍያው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ለውጭ አገር ሶፍትዌር በየወሩ የሚቆርጥ የዶላር ካርድ በእጁ ያለው ድርጅት ጥቂት ነው። ስለዚህ የተለመደው መፍትሔ ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ነው፤ ካርዱ የእሱ፣ ብሩን እዚህ ለእናት መስጠት። ወንድምየው ደግ ነው። ካርዱ ግን ጊዜው ያልፍበታል። "ክፍያው አልተሳካም" የሚለው ኢሜይል የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን እዚህ ሃያ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ግብር ላይም ወጪው በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ስለሌለው ተቀናሽ ላድርገው ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። በዚህ መንገድ መጀመር ግድ ከሆነ ቢያንስ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ክፈሉ፤ የአካውንቱ ዋና ባለቤት የድርጅቱ ኢሜይል ይሁን፤ የክፍያ ማስታወሻውም ለሁለት ሰው ይድረስ።

ዋና ባለቤት ካልኩ አይቀር፣ አንድ ድርጅት ሙሉ ሲስተሙን ያስከፈተው አንድ ጎበዝ ወጣት በግል ጂሜይሉ ነበር። ልጁ ሥራ ለቀቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ካናዳ ሄዶ ስልኩን ቀየረ፣ በቃ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ከአገልግሎት በወጣ ቁጥር ላይ ነበር። ድርጅቱ የራሱን ሒሳብ ለማየት ሦስት ሳምንት ሰው በሰው ፈለገው።

ስለ ኢንተርኔት መቋረጥ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ሁላችንም የኖርነው ነው። ግን አንድ ቀን መጥቀስ አለብኝ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ጠዋት፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ሰባት ቀን ቆይቶ ሰኔ 30 ነው። የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ ዕቃ የሚቆጠርበት ሳምንት። ሒሳቡ ውጭ አገር ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ድርጅት በዚያ ሳምንት መዝገቡን ማየት አልቻለም። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ መቋረጡ በሳምንት የሚቆጠር አልነበረም። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ቅርንጫፍ ያለው ሰው ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም።

ተራ የመስመር መቆራረጥ ሌላ ነገር ነው፤ መፍትሔም አለው። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይበጠሳል። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ይዞ የሳፋሪኮም ሲም ያለው ራውተር በተጠባባቂነት ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይነሳል። ይህ የተቆረጠ ገመድን ይፈውሳል። ታዞ የተዘጋ መስመርን ግን አይፈውስም፤ ሁለቱም አብረው ይዘጋሉ።

ርቀቱም አለ። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሕንፃ ለእኛ የሚቀርበው ባሕሬን፣ ኤሚሬትስ ወይም ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ብዙው ሰው ሳያውቀው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለውን ይከራያል። እኛ ደግሞ ወደብ የለንም፤ መስመራችን በጅቡቲና በኬንያ በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ኬብል የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት የተንቀራፈፈው ለዚህ ነው። አገር ውስጥ ማከራየት የጀመሩም አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚለው አገልግሎት አለው፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል የዳታ ማዕከሎች ተሠርተዋል። በብር መክፈልና መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ከመፈረሜ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ የውጭው መስመር በተዘጋ ቀን ከቢሮዬ እናንተ ጋ መድረስ እችላለሁ? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ እላለሁ።

"እነዚያ ትልልቆቹ ጋ ግን ዳታ አይጠፋም አይደል?" አለኝ ጋሼ። ይጠፋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ሌሊት ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ የዳታ ማዕከል በእሳት ተያያዘ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዳታቸው አብሮ ነደደ።  እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ደግሞ የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር፣ ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት፣ ጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሲስተሙ በራሱ በጉግል በኩል በተፈጠረ ስህተት ተሰረዘ። ለመመለስ ከረዱት አንዱ ሌላ ኩባንያ ጋ ያስቀመጠው ኮፒ ነበር። ክላውድ ጠረጴዛ ሥር ካለ ማሽን በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ባክአፕ ግን ዋናው ካለበት ሕንፃም፣ ዋናውን ከያዘው ድርጅትም ውጭ መሆን አለበት።

ሕጉን በአጭሩ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ የሚመለከቱ ድንጋጌዎችም አሉት። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ለሚሸጥ ሰው የዕቃ ዝርዝሩ የትም ቢቀመጥ ችግር ላይሆን ይችላል። የሠራተኛ ፋይል፣ የሕሙማን ካርድ፣ የተማሪ መረጃ የያዘ ግን ጠበቃ ሳያማክር ወደ ውጭ አያውጣው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ክላውድን የሚቃወም ይመስላል፤ አይደለሁም። ኢሜይልን ቢሮ ውስጥ ሰርቨር አቁሞ የሚያስተዳድር ትንሽ ድርጅት ዛሬም ሳገኝ አዝናለሁ፤ ያንን ነገ ጠዋት አውጡት። ውልና ፕሮፎርማ በየሰው ላፕቶፕ ተበትኖ "የመጨረሻው ኮፒ ማን ጋ ነው?" የሚባልበት ቢሮም እንዲሁ። እንደ ጋሼ ቃሊቲ መጋዘን፣ መርካቶ ሱቅ፣ ሐዋሳ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ስንት ብረት እንዳለ ለማወቅ አሁንም ስልክ እየደወለ ነው የሚጠይቀው፤ ሐዋሳ ያለው ልጅ የሌለ ዕቃ ይሸጣል፣ ደንበኛው መኪና ይዞ መጥቶ ባዶውን ይመለሳል። ሦስቱም ቦታ አንድ ስቶክ እንዲያዩ ከተፈለገ ሒሳቡ አንድ ክፍል ውስጥ ታስሮ መቀመጡ አያዋጣም። ክላውድ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

በተቃራኒው አንድ ቢሮ፣ ያው ስምንት ሰው፣ ያው ሥራ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ የራስ ማሽን በገንዘብ ይረክሳል። ሰርቲሰቨን ሲግናልስ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከከፈለ በኋላ የራሱን ማሽኖች ገዝቶ የወጣው በዚህ ስሌት ነው። እነሱ ግን ማሽኑን የሚያውቁ የራሳቸው ባለሙያዎች ነበሯቸው፤ ጋሼ ያለው እኔ ነኝ፣ እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ አላነሳም።

መውጫውን ሳያይ የሚገባ ሰውም አለ። ውሉ ላይ ይፈለግ፦ ልተው ብል ዳታዬን በምን መልክ ትሰጡኛላችሁ? በኤክሴል ወይስ በፒዲኤፍ? ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም አያስገባውም። መክፈል ካቆምኩ በኋላ ስንት ቀን ታቆዩልኛላችሁ? የድሮ መዝገብ ግብር ሰብሳቢው ከዓመታት በኋላ ሊጠይቅ ስለሚችል ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

ጋሼ ጋ የሆነው እንዲህ ነው። ኢሜይሉና የጋራ ፋይሎቹ በዚያው ክረምት ክላውድ ላይ ወጡ። የሱቁ ሽያጭ መስመር ቢጠፋም ደረሰኝ መቁረጥ ስላለበት እዚያው ቀረ። ፒችትሪው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ግን ከጠረጴዛ ሥር ወጥቶ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ገባ፣ አዲስ ዩፒኤስም አለው። በየሌሊቱ አንድ የተቆለፈ ኮፒ በኢንተርኔት ውጭ ይላካል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ኮፒ በዲስክ ወደ ጋሼ ቤት ይሄዳል፤ ባለቤቱ እትዬ ከወርቋ ጋር ነው የምታስቀምጠው። በወር አንዴ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከኮፒዎቹ አንዱን ትርፍ ላፕቶፕ ላይ ትከፍትና የዕለቱን የባንክ ባላንስ ታነብልኛለች። ከተነበበልኝ ባክአፕ አለ ማለት ነው።

የሦስቱ ቦታ የጋራ ስቶክ ገና አልተወሰነም። ፕሮግራሙ ተመርጧል፤ የቀረው ሐዋሳ ነው። ካሽ መቀበያው ላይ ላለችው ልጅ አንድ ደብተር ሰጠናት፤ መስመር የጠፋበትን ሰዓትና የተመለሰበትን ትጽፋለች፣ አንድ ወር ሙሉ። እስከ ትናንት አሥራ አንድ መቋረጥ ተጽፏል። ዘጠኙ ከሩብ ሰዓት በታች ነው፤ ረጅሙ ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ። ከጎኑ በእስክሪብቶ "መብራትም አልነበረም" ብላ ጨምራበታለች።